ከተላጠ ዋስትና የለውም

ኮምፒዩተር በገዛ ሆዱ ውስጥ ያለውን ዕቃ አላውቀውም ብሎ ሲክድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ያውም በኔ ቤት፣ ሳሎን ጥግ፣ ጠረጴዛ ተሰጥቶት፣ ዳንቴል ለብሶ የሚኖር ኮምፒዩተር። ስክሪኑ መሃል ላይ ቢጫ ምልክት ሰቀለና በእንግሊዝኛ “የግራፊክስ ካርዱ አልታወቀም፤ ፕሮግራሙ አይከፈትም” ብሎ ጻፈ። ከሥሩ “እሺ” የምትል አንዲት ቁልፍ ብቻ አለች። እንቢ የምትል የለችም። እሺ አልኩት። ያንኑ መልሶ ጻፈልኝ።

ግራፊክስ ካርድ ምን እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ አትፈሩ፤ እኔም ያወቅኩት በዚያ ሰሞን ነው። ኮምፒዩተሩ ያሰበውን ነገር ሥዕል አድርጎ ወደ ስክሪኑ የሚልክ ዕቃ ነው። መጠኑ የጸሎት መጽሐፍ ያህላል፤ ፊቱ ላይ ማራገቢያ ተገጥሞለታል። ሥራው ከባድ ስለሆነ ይሞቀዋል አሉ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መስኮት በሌለው መዝገብ ቤት ውስጥ ስሠራ ሞቆኝ ማራገቢያ የገጠመልኝ የለም፤ ግን እሱ ሌላ ጨዋታ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው። ቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ።

ልጄ ፌቨን ኮሌጅ አርክቴክቸር ነው የምትማረው። ኮምፒዩተሩ የእሷ ነው። ስንገዛው ከሌላ ቤት የወጣ፣ በዕድሜም ገፋ ያለ ነበር፤ ስለዚህ እኔና እሱ ሁለት ጡረተኞች አንድ ሳሎን ተጋርተን እንኖራለን። ፌቨን የመመረቂያ ሥራዋን የምታስረክበው ሰኞ ጠዋት ነው። ከዚያ በፊት ከክፍል ጓደኞቿ ጋር የድሮ ቤቶችን ለማየት ወደ ሐረር ሄደች። ስትወጣ ሻንጣዋን በር ላይ አቆመች።

“አባ፣ ኮምፒዩተሩን እንዳትነካው” አለችኝ። “እሁድ ስመለስ ሥዕሎቹን አወጣና ሰኞ አስረክባለሁ። እሱ ከተበላሸ አለቀልኝ።”

“እኔ ምን አገባኝ” አልኳት።

“አባ፣ አውቅሃለሁ እኮ።”

አትንካ የተባለ ሰው እጁ ያሳክከዋል። ኮምፒዩተሩ ደግሞ ይዘገይ ነበር። ማብሪያውን ተጭኜ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ቁርሴን በልቼ ስመለስ ገና እንኳን ደህና መጡ እያለ ነው። የተጓተተ ነገር ሳይ አያስችለኝም። ፋይል ለምን እንደሚጓተት ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የማይፈለገው ተከምሮ የሚፈለገውን ሲጫነው ነው። እና ልጄን ላስደንቃት ብዬ፣ ስልኬ ላይ አንድ ጎረምሳ “በጣም ቀላል ነው” እያለ የሚያስተምርበትን ቪዲዮ ከፍቼ፣ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ ፎርማት አደረግኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። የሥዕል ሥራዋ አብሯት በሄደ ሃርድ ዲስክ ላይ ስለነበረ እሱ ተረፈ። ፕሮግራሞቹንም መሳቢያዋ ውስጥ ባገኘሁት ፍላሽ መልሼ ጫንኩ። አምላክ እስከዚያ ድረስ ጠብቆኛል።

ከዚያ ወዲያ ግን እጁን አነሣ። ማሽኑ ሲነሣ ፊደሉ ሁሉ አብጦ፣ ምልክቶቹ ድፎ ዳቦ አክለው ተነሣ። ለሙከራ የከፈትኩት ፎቶዬ ወደ ጎን ተለጥጦ፣ ደመወዝ በነበረኝ ዘመን እንኳ ያላየሁትን ውፍረት ሰጠኝ። የፌቨንን የሥዕል ፕሮግራም ስነካው ያ ቢጫ ምልክት መጣ። ካርዱ ማን እንደሆነ ካልተነገረኝ በቀር አልከፍትም አለ። ስሙ ከታወቀ ለዚያ ካርድ የተሠራውን ፕሮግራም ከኢንተርኔት አውርዶ መጫን ነው፤ ቪዲዮው ላይ ያለው ጎረምሳም ይህን “በጣም ቀላል ነው” ብሎ አልፎታል። ስሙን ከየት እንደማመጣ ግን አልነገረኝም።

የኮምፒዩተሩን የጎን ክዳን ፈታሁ። ውስጡ የነበረው አቧራ ቢሰበሰብ ትራስ ይወጣዋል። ካርዱን ነቅዬ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፌ አስተኛሁት። አገላብጬ አየሁት። ስም ሊጻፍበት በሚገባው ቦታ ላይ፣ ልክ በዚያው ቦታ ላይ፣ ነጭ ወረቀት ተለጥፎበታል። ወረቀቱ ላይ አየር ጤና ያለ የአንድ ሱቅ ክብ ማህተም አርፏል። ከማህተሙ በታች በቀይ “ከተላጠ ዋስትና የለውም” ይላል። በወረቀቱ ጠርዝ በኩል ከሥር ሌላ ጽሑፍ ጫፉ ይታያል።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ጥፍሩን ሰደድ ያደርግና ወረቀቱን ገሽልጦ፣ ስሙን አንብቦ፣ ነገሩ በዚህ ያልቅ ነበር። እናንተም ወግ ከማንበብ ትገላገሉ ነበር። እኔ ግን ማህተም አልቀድም። አንድ ጊዜ መሥሪያ ቤታችን ኦዲተሮች መጥተው አንድ ቁም ሣጥን አሸጉ። የሻይ ብርጭቆዎቻችን ውስጡ ነበሩ። አሻጊው አካል እስኪመለስ ድረስ ክፍሉ በሙሉ በአንዲት ብርጭቆ በየተራ ሻይ ጠጣን፤ ኃላፊያችንም ተራቸውን ጠብቀው። አንድ ሰው እንኳ ማሸጊያውን ልንካው አላለም። ሲከፈት ከብርጭቆዎቹ ሌላ ምንም አልነበረበትም። እኔ የዚያ ቤት ልጅ ነኝ።

ባለቤቴ ሰናይት ነርስ ናት። ከሥራ ስትገባ ጠረጴዛውን አየችና ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ “ፌቨን ስትመጣ እኔ ተረኛ ነበርኩ፣ ምንም አላየሁም” አለችኝ። ከትዳር የምትጠብቁት እርዳታ ይህ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ካርዱን በፎጣ ጠቅልዬ ጎረቤቴ ጋሽ ዘበርጋ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ዘበርጋ በልጅነታቸው ከጉራጌ መጥተው፣ ቀራንዮ ገና ቤቱ ጥቂት በነበረበት ጊዜ የሰፈሩ ሰው ናቸው። አስፋልቱ ዳር የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣሉ። ሰፈሩ ውስጥ ቧንቧም ይሁን ሚስማር፣ የዕቃ ነገር ከሆነ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው። በእሳቸው ዘንድ ዓለም በሁለት ይከፈላል፤ ኦርጅናል አለ፣ ኦርጅናል ያልሆነ አለ።

ካርዱን ተቀበሉኝና በመዳፋቸው መዘኑት። በጣታቸው ቆረቆሩት። አሸተቱት።

“ኦርጅናል ነው” አሉ።

“ስሙ ማን ይሆን፣ ጋሼ?”

“ስሙ ምን ያደርግልሃል? ኦርጅናል ነው አልኩህ።”

“ኮምፒዩተሩ ስሙን ካላወቅኩ አልከፍትም ብሎኛል።”

ጋሽ ዘበርጋ አሰቡ። “እንደ ሰው ነዋ ታዲያ” አሉ። “ነገ ፌቨንን ሊጠይቁ ሽማግሌ ቢመጡ ምን ትላለህ? ልጁ የማን ልጅ ነው፣ ማን ያውቀዋል ትላለህ። ሰባት ቤት ታስቆጥራለህ። ይኼንንም የሸጠልህን ሰው ፈልገህ ጠይቀው።”

“ወረቀቱን ብልጠውስ?”

እጃቸውን ከካርዱ ላይ አነሡ። “ማህተም አለበት እኮ” አሉ።

ሰው ከሚመስለው ጋር ይወዳጃል። ካርዱን ቤት መልሼ ጋዜጣው ላይ አስተኛሁት፤ ይዤው ብዞር ታክሲ ላይ ሰው ይቀመጥበታል ብዬ ፈርቼ ነው። የማህተሙን ፎቶ በስልኬ አነሣሁና አየር ጤና ሄድኩ።

አየር ጤና ስደርስ ሱቁ የለም። ሱቁ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ የነበረበት ረድፍም የለም። መንገዱ ሰፍቶ፣ አበባ ተተክሎ፣ ሱቁ በነበረበት ቦታ አግዳሚ ወንበር ተቀምጧል። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ምናልባት ልክ ኮምፒዩተሩን የገዛንበት ባንኮኒ ላይ ሳይሆን አይቀርም የተቀመጥኩት። የታክሲ ተራ አስከባሪው ቁጭ ብዬ ዙሪያዬን ስቃኝ አይቶኝ መጣ።

“ምን ጠፋብዎት፣ አባት?”

“እዚህ የኮምፒዩተር ሱቅ ነበረ።”

“የኤፍሬምን ነው? ቤቴል ገብቷል። ግን ኮምፒዩተር ትቷል።”

“ምን ጀመረ?”

“ሲደርሱ ያዩታል” አለና የቤቴል ታክሲ ውስጥ አስገባኝ።

ኤፍሬም የሕፃናት ልብስ ነው የሚሸጠው። ስገባ ከጣሪያው ላይ የተንጠለጠለ የክርስትና ልብስ ግንባሬን ዳሰሰኝ። “ጋሼ፣ ለልጅ ልጅ ነው? ወንድ ነው ሴት?” አለኝ። ስልኬን አውጥቼ የማህተሙን ፎቶ አሳየሁት። የሞተ ዘመድ ፎቶ ያየ ይመስል ትኩር ብሎ አየው።

“የኔ ነው” አለ። “ከየት አገኙት?”

“ከቤቴ። ልላጠው ፈልጌ ላስፈቅድህ ነው የመጣሁት።”

“እንዴ ጋሼ፣ ዋስትናው ካለፈ ስንት ዘመኑ። ሱቁስ የታለና። ይላጡት በቃ።”

“በቃል ነው የምትፈቅድልኝ?”

“በምን እንዲሆን ፈለጉ?”

“አጭር ማረጋገጫ ብትጽፍልኝ። ማህተም አለህ አይደል?”

ኤፍሬም ፊቴን ተመለከተ፤ እየቀለድኩ እንደሆነ ሊያጣራ ነው። እየቀለድኩ አልነበረም። ከመሳቢያው ማህተም አወጣና አሳየኝ። ማህተሙ መሃል ላይ ጡጦ ተስሎበታል። የኮምፒዩተር ዕቃ እንዲላጥ የሚፈቅድ፣ ጡጦ የታተመበት ወረቀት በዓይነ ሕሊናዬ መጣብኝ። ጉዳዩ የማይመለከተው አካል ያተመው ማህተም ዋጋ የለውም፤ ይህን ያስተማሩኝ ሰዎች ዛሬ በሕይወት ቢኖሩ ያፍሩብኛል። ይቅር አልኩት።

“ለነገሩ ከሥሩ የተጻፈውን አንተ ታስታውሰዋለህ? የካርዱን ስም?”

“እኔም አላየሁትም” አለ። “ስገዛው የሌላ ሱቅ ወረቀት ተለጥፎበት ነበር። የኔን በላዩ ለጠፍኩበት።”

“የፊተኛውን ለምን አላነሣኸውም?”

“ማህተም ነበረበታ” አለኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ግን ልቤ ቆርጦ ነበር። ፈቃዱ በቃል ቢሆንም ፈቃድ ነው። የጎደለው ምስክር ብቻ ስለሆነ መንገዴን በጋሽ ዘበርጋ ሱቅ በኩል አደረግኩና፣ ሰው ፊት ብልጠው ይሻላል፣ ይምጡልኝ አልኳቸው። ሱቁን ለሠራተኛቸው ትተው፣ ኮታቸውን ደርበው ተከተሉኝ።

ግቢው በር ስንደርስ መዝሙር ይሰማል። ለካ ቅዳሜ ነው። አማቴ እማማ አስናቀች ከኛ ጋር ነው የሚኖሩት፤ ቅዳሜ ከሰዓት የቤተ ክርስቲያናቸው እህቶች ለጸሎት የሚሰበሰቡት እኛ ሳሎን ነው። እንግዳ የሚመጣ ቀን እማማ አስናቀች ቤቱን ያጸዳሉ። ሲያጸዱ ደግሞ ምሕረት የላቸውም። በሩ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ይህ ትዝ አለኝና ሁለተኛውን ሳላወልቅ ገባሁ።

ሳሎኑ ውስጥ እህቶች ተደርድረው ይዘምራሉ። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣው የለም። በቦታው ጥልፍ ጨርቅ ተነጥፎ የለውዝ ሳህን ተቀምጧል። መዝሙሩ እስኪያበቃ ቆምኩ፤ ከዚያ ጎንበስ ብዬ በእማማ ጆሮ ጠየቅኳቸው።

“እማማ፣ እዚህ የነበረው ዕቃ የት ደረሰ?”

“አጠብኩት፣ ልጄ።”

“አጠቡት?”

“ምን ላድርግ፣ አቧራው ያስጠላ ነበር። በፈሳሽ ሳሙናና በጥርስ ቡሩሽ አጠብኩልህ። አንተም አፅዳው እንጂ፣ ልጅቷ እኮ እየተነፈሰችው ነው።”

“ወረቀቱስ፣ እማማ? የተለጠፈበት ወረቀት ነበረ።”

“ያ ቆሻሻ? አንዱን ስልጠው ከሥሩ ሌላ፣ እሱን ስልጠው ሌላ። የመጨረሻውማ እንግሊዝኛ የተጻፈበት ነው፤ አልለቅም ቢለኝ በሽቦ ፈግፍጌ አስለቀቅኩት። አሁን ጥርት ብሏል፣ ሂድ እየው፤ ውጪ አስጥቼዋለሁ።”

እኔና ጋሽ ዘበርጋ ወጣን። የፈሩት ይደርሳል። ካርዱ ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ፣ በኔ ካልሲና በሰናይት ነጭ ጋውን መካከል፣ በሁለት መቆንጠጫ ተይዞ ተሰቅሏል። አንድ ጠብታ ውኃ ከማራገቢያው ላይ ተንጠባጠበ። ወረቀት የለ፣ ስም የለ፣ ፊደል የለ። ጋሽ ዘበርጋ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

አማትን መቆጣት በሕግም በልማድም የለም። ተመልሼ ገብቼ “እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ” አልኳቸው። ድምፄ ግን አልተባበረኝም መሰል፣ አንዷ እህት ምን ገጠመህ ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፎርማቱን፣ ሰኞን፣ ፌቨንን። እማማ አስናቀች እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ እህቶች በሙሉ ወጥተው ከገመዱ ሥር ቆሙና ጸለዩ። “ጌታ ሆይ፣ ማሽኑ ባያውቀው አንተ ታውቀዋለህ” አሉ። እኔ እንደዚያ ቀን ከልቤ አሜን ያልኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ፌቨን ኮምፒዩተሩ ፊት ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ መስመር በመስመር ስትሥል ያየኋት ሁሉ ፊቴ ላይ ተደቀነብኝ። አፈርኩ። ፈራሁም።

ጸሎቱ ሲያበቃ ጋሽ ዘበርጋ ከምስክርነት ወደ አማካሪነት ተሻገሩ። የልጃቸው ስልክ ባኞ ውስጥ ወድቆ ሩዝ ውስጥ ቢቀብሩት ድኗል፤ ሩዝ እርጥበት ይመጥጣል አሉ። እቤት ሩዝ አልነበረም። እማማ አስናቀች ግን የበደል ካሣ መክፈል ፈልገዋል። ለወፍጮ ያዘጋጁትን ጤፍ ከነባልዲው አቅርበው “እህል እህል ነው” አሉ። ጋሽ ዘበርጋ ጤፉን ቆንጠር አድርገው አዩና “ኦርጅናል ነው” ብለው መሰከሩ። ካርዱን ከገመዱ አውርደን ጤፍ ውስጥ ቀበርነው።

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ ያቃስታል። እኛ ግን ሦስት አዋቂ ሰዎች፣ እህል ለይተን የምናውቅ፣ የሩዝ ፍሬና የጤፍ ፍሬ በመጠን እንደሚለያዩ አንዳችንም አላሰብንም።

እሁድ ከሰዓት፣ ጋሽ ዘበርጋ የካርዱን ነገር ሊያዩ በመጡበት፣ ፌቨን ገባች። የሐረር ጣፋጭ ይዛ፣ ፀሐይ ጠብሷት፣ ደስ ብሏት። እቅፍ አድርጋ ሳመችን። ቀና ስትል ክዳኑ የተፈታ ኮምፒዩተር አየች፤ ጠጋ ብላ ውስጡን ተመለከተች።

“ካርዱስ?” አለች።

ሰናይት ተረኛ መሆኗ ትዝ አላትና ወደ ጓዳ ገባች። ጋሽ ዘበርጋ ጣሪያውን ተመለከቱ። እኔ ዳንቴሉን አስተካከልኩ። እማማ አስናቀች ብቻ እውነተኛ ሆኑ።

“ጤፍ ውስጥ ነው” አሉ።

ፌቨን ሻንጣዋ ላይ ቁጭ አለች። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳኋት፤ ስለ ማህተሙ፣ ስለ አግዳሚ ወንበሩ፣ ስለ ኤፍሬምና ስለ ጡጦው። “አባ፣ ነገ እኮ ነው” አለች በመጨረሻ፣ ዝግ ባለ ድምፅ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ተነሣች። ካርዱን ከባልዲው አወጣችው። ጤፉ በማራገቢያው ስንጥቅ፣ በብረቱ ክንፎች መካከል፣ ባለው ቀዳዳ ሁሉ ገብቶ ተሰግስጓል። እማማ ሰፌድ አመጡ። እኔ በስንጥር እጎረጉራለሁ፣ ጋሽ ዘበርጋ እፍ ይላሉ፣ ፌቨን በቡሩሽ ትጠርጋለች፣ እማማ ከሰፌዱ ላይ ጤፋቸውን ይሰበስባሉ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ያለ ሰው፣ ብድሩ በዚህ መንገድ እንደሚመለስ የገመተ አይመስለኝም።

ውኃው ደርቋል። ፌቨን ካርዱን ቦታው ሰካችው። “እንግዲህ” አለችና ማብሪያውን ተጫነች። ማራገቢያው ተንቀጠቀጠ፣ አንድ ጊዜ ቆመ፣ ከዚያ ዞረ። የተረፈውን ጤፍ በጋሽ ዘበርጋ ኮት ላይ ረጨው። ስክሪኑ በራ። ድፎ ዳቦዎቹ ምልክቶች አንድ ባንድ መጡ፤ እንደዚያ ቀን አምረውኝ አያውቁም።

ደስታዬ ግን ግማሽ ነበር። “በሕይወት አለ፣ ስሙ ግን ጠፋ” አልኳት። “በሽቦ ነው የተፈገፈገው።”

ፌቨን ማውሱን ይዛ አንድ ቦታ ጠቅ አደረገች፣ የኮምፒዩተሩ ዕቃዎች ሁሉ የተዘረዘሩበት ገጽ ወጣ። “ያልታወቀ” የሚለው ላይ ጠቅ አደረገች።

“ምን እያደረግሽ ነው?”

“እየጠየቅኩት።”

“ማንን?”

“ካርዱን ራሱን። እያንዳንዱ ዕቃ ውስጡ ቁጥር አለው፣ አባ። ስሙ ቢጠፋ ቁጥሩ አለ። አይላጥም፣ አይታጠብም።”

ስክሪኑ ላይ ረጅም ቁጥር ወጣ። ስልኳ ላይ ጻፈችው። የካርዱ ስም ከነሙሉ ማዕረጉ መጣ። ለኔ ያን ሁሉ አገር ያዞረኝ ነገር፣ ለእሷ የአንድ ሻይ ጊዜ አልፈጀባትም።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ አንድ ባንኮኒ ጀርባ ተቀምጬ፣ ባለጉዳይ ስሙን ከነአያቱ ሲዘረዝርልኝ “ስምዎን ይተዉት፣ የፋይል ቁጥርዎ ስንት ነው?” እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቁጥር የሌለውን ስንቱን መልሻለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ካርዱን አገላብጬ፣ አስሸትቼ፣ ዘሩን ፍለጋ ቤቴል ድረስ ሄጄ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ቁጥርህ ስንት ነው አላልኩትም።

“ኦርጅናል ነው?” ብለው ጠየቁ ጋሽ ዘበርጋ።

“ኦርጅናል ነው፣ ጋሼ” አለቻቸው።

ነግሬህ ነበር በሚል ዓይን አዩኝ።

ፌቨን በስልኳ ኢንተርኔት የካርዱን ፕሮግራም አውርዳ ጫነችው። ፊደሎቹ ወደ ልካቸው ተመለሱ። የሥዕል ፕሮግራሙ ተከፈተ። የሠራችውን ያን ጊዜ ነው በቅጡ ያየሁት፤ የኛ ሰፈር ነው። የቀራንዮ የድሮ ግቢዎች ሰው ሳይነሣባቸው እንዴት ሊታደሱ እንደሚችሉ የሚያሳይ ፕላን ነው። ጋሽ ዘበርጋ ሱቃቸውን ፈልገው አገኙት። አስፋልቱ ዳር፣ እዚያው ቦታው ላይ ነው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ጤፍ ገብቶብኝ ነው አሉ።

ሰኞ አስረከበች። ወደዱላት።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ከሰዓት ሳሎን ስገባ ኮምፒዩተሩ ክዳኑ ተገጥሞ፣ ዳንቴሉን ለብሶ ቆሟል። ክዳኑና ሣጥኑ በሚጋጠሙበት ላይ ነጭ ወረቀት ተለጥፏል። በቀይ “አባ ከላጠው ዋስትና የለውም” ይላል፤ የፌቨን ጽሕፈት ነው። ከሥሩ ክብ ማህተም አርፎበታል። መነጽሬን አድርጌ ቀረብኩ። ማህተሙ መሃል ላይ ጡጦ አለ። ልጅቷ ለዚህ ብላ ቤቴል ኤፍሬም ዘንድ ድረስ ሄዳለች።

ጉዳዩ የማይመለከተው አካል ያተመው ማህተም ዋጋ የለውም ብያለሁ። ዛሬም እላለሁ። ኮምፒዩተሩ እንደገና መዘግየት ጀምሯል፤ ሲሞቀውም ማራገቢያው ውስጥ የቀረች ጤፍ ቀጭ ቀጭ ስትል ይሰማኛል። ክዳኑን ፈትቶ እሷን ማውጣት በጣም ቀላል ነው። ዛሬ ጠዋት ማንም እቤት አልነበረም። መፍቻውን ይዤ ቀረብኩ፣ ጎንበስ አልኩ፣ ወረቀቱን አየሁት። አንደኛው ጠርዙ በራሱ ጊዜ ትንሽ ተነሥቷል።

ዙሪያዬን አየሁና፣ ጣቴን በምራቄ አርጥቤ፣ መልሼ ለጠፍኩት።